አስናቀች ያሸችው እግር

ብቸና ውስጥ ክንዱ የወለቀ ሰው ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት አንድ ደጅ ያንኳኳል፤ የወይዘሮ አስናቀችን ደጅ። ከበቅሎ የወደቀ ገበሬ፣ ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ተማሪ፣ ባጃጅ የገለበጠው ነጋዴ፣ ሁሉም እዚያ ይመጣል። ወጌሻነቱን የተማረችው ከአባቷ ነው። እሳቸው ሲሞቱ ሠላሳ ዓመቷ ነበር፤ ዛሬ ስልሳ ሁለት ሆኗታል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት እጇን ያመሰገነ እንጂ የረገመ ሰው አልሰማችም። ዳሩ ግን ድካም ገብቷታል። የጣቶቿ መጋጠሚያ ይጠዘጥዛታል፤ ወገቧም አላጎነብስ ይላታል። «በቃኝ» እያለች ታድራለች፤ ጠዋት ደጁ ሲንኳኳ ደግሞ ተነሥታ ትከፍታለች።

የእሷን ታሪክ የምናነሣው ልንወቅሳት አይደለም። እንደ እሷ ያለ ባለሙያ በየከተማችን አለ። ደጁን የምናንኳኳውም እኛው ነን።

የዛሬ ሁለት ዓመት በየካቲት ወር ከሞጣ ስልክ ተደወለላት። የደወለችው ዘሚራ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ ነበረች።

«እህቴ፣ የልጄ ሚስት አራስ ናት» አለቻት። «ግራ እግሯ አብጦ አላስረግጥ አላት። የእርስዎ እጅ ፈዋሽ ነው ብለውኝ ነው። ስለ አላህ ብለው ይድረሱልን።»

አስናቀች በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍራ ሞጣ ገባች። ከዘሚራ ቤት ስትደርስ አራሷ የተኛችበት ክፍል መስኮቱ በጨርቅ ተወትፎ፣ በሩም በመጋረጃ ተጋርዶ አገኘችው። ነፋስ እንዳይገባ ነው። ራዲያ ትባላለች አራሷ፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ከወለደች አሥራ ስምንት ቀን ሆኗታል። በነዚያ ቀናት ከአልጋዋ የወረደችው ለግድ ብቻ ነበር። የግራ እግሯ ከጭኗ ጀምሮ የቀኙን እጥፍ አክሏል፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፤ ሲነኩት ሙቀቱ ይጋረፋል።

አልጋው አጠገብ የራዲያ ታናሽ እህት ሪሃብ ሕፃኑን ታቅፋ ቆማለች።

«እማማ ዘሚራ፣ ሐኪም ቤት እናድርሳት» አለች ሪሃብ። «ያዋለደቻት ነርስ እኮ ነግራናለች። አንድ እግሯ ካበጠ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት ብላለች።»

«አንቺ ልጅ፣ ስንት ወልደሽ ነው የምትመክሪኝ?» አለች ዘሚራ። «አራስ አርባ ቀን ሳይሞላት ከደጅ አትወጣም። ምች ነው የመታት። ደግሞስ ሐኪም ቤት ወስጄ እግሯን ላስቆርጠው? በአንድ እግሯ ልጅ ልታሳድግ?»

የራዲያ ባል ሙስዐብ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እናቱን አየ፤ ሚስቱን አየ፤ አንገቱን ደፋ።

አስናቀች እግሩን በጣቶቿ ዳሰሰችው። አጥንቱ ደኅና ነው። ጅማቱም አልዞረም። ከጭኗ ሥር፣ ከሥጋው ውስጥ ግን እንደ ገመድ የጠጠረ ነገር አገኘች። እንዲህ ያለ ነገር ነክታ አታውቅም። «ይህን አላውቀውም» የሚል ቃል ከጉሮሮዋ ደረሰ። ነገር ግን ያን ሁሉ መንገድ አቋርጣ መጥታለች፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ዓይኑን እጇ ላይ ተክሏል። ባለሙያ አላውቅም ሲል ማን ይወዳል? ቃሉን ዋጠችው።

«ደሟ ታጉሯል፤ ሲታሽ ይፈታል» አለች።

ቅቤ አሙቃ ከባቷ ወደ ላይ እየገፋች አሸቻት። ራዲያ የሻሿን ጫፍ ነክሳ ቻለችው። አስናቀች ከሰዓት በኋላ ደገመቻት፤ በማግስቱ ጠዋትም ሠለሰቻት። ስትጨርስ ራዲያ ላቧን እየጠረገች «ቀለል ብሎኛል እማማ፤ አላህ ዕድሜ ይስጥዎ» አለቻት። አስናቀች መርቃት ወደ መናኸሪያ ሄደች።

አውቶቡሱ ደብረ ወርቅ ሳይደርስ ስልኳ ጠራ። ሙስዐብ ነበር። ራዲያ ፊቷን ልትታጠብ ብድግ አለች፤ «ትንፋሼ! ትንፋሼ!» አለች፤ ወደቀች። መኪና ፈልገው ሐኪም ቤት ሲያደርሷት ነፍሷ ወጥታ ነበር።

ለቅሶውን ለመድረስ አስናቀች ተመልሳ ሞጣ ሄደች። ማንም አልወቀሳትም። እንዲያውም ዘሚራ አንገቷን አቅፋ «እርስዎማ የቻሉትን አደረጉ፤ የአላህ ውሳኔ ነው» ብላ አለቀሰች። ለቀስተኛው ከፊሉ ምች ነው አለ፤ ከፊሉ የሰው ዓይን ነው አለ። አስናቀችም «ዕድሜዋ ይኸው ነበር» ብላ ወደ አገሯ ገባች። ያ እንደ ገመድ የጠጠረ ነገር ግን አንዳንድ ቀን ከጣቶቿ ሥር ይመጣባት ነበር። እሷም እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ሌላ ሥራ ትዞራለች።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ።

ዘንድሮ የሒሳብ መምህሩ ደምለው ከሞተር ሳይክል ወድቆ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። አስናቀች በቀርከሃ አሰረችለት። አምስት ሳምንት ከአልጋ ሳይወርድ ከረመ። አጥንቱ መግጠም ሲጀምር ባቱ በአንድ ቀን አብጦ ጋለ። አስናቀች ተጠርታ ሄደች፤ ቅቤ አሞቀች፤ እጅጌዋንም ሰበሰበች። ልክ በዚያች ሰዓት የደምለው ሚስት ጸደንያ ከሥራ ገባች። ጸደንያ መድኃኒት ቤት ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት።

«እትዬ አስናቀች፣ እጅዎን ያንሡ!» ብላ ጮኸች።

«ምን ሆንሽ ልጄ? ገና አልነካሁትም።»

«እንዳይነኩት። አንዱ እግር ብቻውን አብጦ ከጋለ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። የረጋ ደም አይታሽም፤ ባሕር ዳር ያለው የደም ሥር ሐኪም ይየው።»

«ሠላሳ ዓመት ያሸሁትን አንቺ በክኒን ልታስተምሪኝ?» አለች አስናቀች ፊቷ ቲማቲም መስሎ።

ደምለውም ከሚስቱ ጋር አልወገነም። «ባሕር ዳር ልትወስጅኝ ነው አይደል? እዚያ ያለው የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ነው አሉ። ቀዶ ሐኪም ምን ያውቃል? መቅደድ! በሁለት እግሬ ሄጄ በአንድ ልመለስ?»

ብዙ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ደምለው «እትዬ አስናቀች ከሄዱ እሄዳለሁ» አለ። አስናቀችም በቁጣ እሺ አለች። ሐኪሙ አላውቅም ሲል ልታየው ፈልጋ ነው የሄደችው። በዚያ ሰሞን መንገዱ በጸጥታው ምክንያት አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። በሦስተኛው ቀን ሲከፈት ደምለውን የኋላ ወንበር ላይ አጋድመው ተጓዙ።

ሆስፒታሉ ውስጥ የደም ሥር ሕክምና ክፍል ደጃፍ አግዳሚ ወንበሩ ሞልቶ ነበር። አንድ ፀጉር አስተካካይ ሱሪውን ሰብስቦ ባቱ ላይ እንደ ትል የተጠማዘዙ ሥሮቹን ለጎረቤቱ ያሳያል። ከአማኑኤል የመጣች አሮጊት ከቁርጭምጭሚቷ በላይ የማይድን ቁስል አለባት። ስድስት ዓመት ቅጠል ስታስርበት ኖራለች። አስናቀች አጠገቧ ተቀምጣ ቁስሉን ሰረቅ አድርጋ አየችው። እንዲህ ያለ ቁስል እሷም ዘንድ ይመጣ ነበር። እሷም ቅጠል ታስርለት ነበር።

ተራቸው ሲደርስ ዶክተር እዮብ የሚባለው ሐኪም ተቀበላቸው። አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ነው። ከጠዋት ጀምሮ ቀዶ ሕክምና ላይ ቆሞ የዋለ በመሆኑ «ይቅርታ አድርጉልኝ» ብሎ አንድ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ተቀመጠ። እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ጠባብ ካልሲ አጥልቋል። «እኔም በሽተኛ ነኝ፤ መቆም የደም ሥር ጠላት ነው» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ።

የደምለውን እግር በአልትራሳውንድ ሲያይ ቆየና ቀና አለ።

«ይህን እግር ያሸው ሰው አለ?»

ጸደንያ ወደ አስናቀች አላየችም፤ ሆነ ብላ መሬት መሬት ታያለች።

«ሊያሹልኝ ሲሉ ባለቤቴ ከለከለቻቸው» አለ ደምለው።

«እንግዲህ ባለቤትዎ ሕይወትዎን አትርፋልዎታለች ማለት ነው። ከጉልበትዎ በላይ ደም ረግቷል። ዛሬውኑ ደም ማቅጠኛ መርፌ እንጀምራለን፤ ጥቂት ቀን እዚህ ይቆያሉ።»

«ቢላስ?»

«ምን ያደርግልዎታል?» አለ ሐኪሙ። «ቀዶ ሐኪም ሲባል ሰው ሁሉ ቢላ ይታየዋል። በጊዜ የመጣውን አብዛኛውን ሰው በመድኃኒትና በእንዲህ ያለ ካልሲ እመልሰዋለሁ። ቢላ የሚያሲዘኝ ያረፈደው ነው። ከእናንተ አገር ደግሞ የሚመጣው ሁሉ አርፍዶ ነው።»

አስናቀች ወንበሯን ወደ ሐኪሙ አስጠጋች።

«ቢታሽስ ኖሮ ዶክተር?» አለች።

ሐኪሙ ዞሮ አያት። «ደም ከእግር ወደ ልብ የሚመለስበት ሥር አለ፣ እናቴ። ሰው አልጋ ላይ ብዙ ከቆየ፣ አጥንቱ ከተሰበረ፣ ሴትም ከወለደች በኋላ፣ ደሙ እዚያ ሥር ውስጥ እንደ እርጎ ሊረጋ ይችላል። ሲያሹት ከእርጎው ይቆረስና በደም ሥሩ ሽቅብ ይሄዳል። ሳንባ ላይ ሲደርስ ይቀረቀራል። ሳይታሽም ሊሄድ ይችላል፤ ማሸት ግን ገፍቶ መስደድ ነው።»

«ሳንባ ላይ ሲቀረቀር ሰውየው ምን ይላል?»

«ትንፋሽ አጠረኝ ይላል። አንዳንዱ ያንን እንኳ ሳይጨርስ ይወድቃል።»

አስናቀች ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አየቻቸው። «አራስ ብትሆን» አለች። «አሥራ ስምንት ቀኗ ቢሆን። ከጭኗ ሥር እንደ ገመድ የጠጠረ ነገር ቢኖር። ሦስት ጊዜ ብትታሽ።»

ዶክተር እዮብ እግሩን ከበርጩማው አወረደ። «መቼ ነው ይህ የሆነው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሁለት ዓመት ሆነው።»

«እናቴ፣ ያላየሁትን በሽተኛ በእርግጠኝነት አልናገርም።»

«በእናትህ አምላክ፣ እውነቱን ንገረኝ!»

ሐኪሙ ዓይኗን እያየ መለሰላት። «እንደ ነገሩኝ ከሆነ፣ ይመስለኛል። አዎ።»

አስናቀች አላለቀሰችም። «ሠላሳ ዓመት ሰው ሳሽ ኖርሁ» አለች። «ሐኪሞች ናችሁ፣ ተምራችኋል። አንዳችሁ እንኳ ደጄ ድረስ መጥታችሁ ይህን ማሸት ትችያለሽ፣ ይህን አትንኪ ያላችሁኝ የለም።»

«እውነትዎን ነው» አለ ዶክተር እዮብ። «እኔ እዚህ ተቀምጬ ያረፈደውን ስቀበል እውላለሁ። መጀመሪያ የሚያዩት እርስዎ ነዎት። ነገ እንዲህ ያለ እግር ሲያዩ ወደዚህ ቢሰዱልኝ ከእኔ ቢላ ይበልጥ ብዙ ሰው ያድናሉ።»

ደምለውና ጸደንያ ሆስፒታል ቀሩ። አስናቀች ብቻዋን ወደ ብቸና ስትመለስ አውቶቡሱ ሞጣ ቆመ። ልትወርድ አላሰበችም ነበር። ረዳቱ «ሞጣ ወራጅ!» ሲል ግን እግሯ በራሱ ተነሣና ወረደች።

ዘሚራን ሱቋ ውስጥ ጨርቅ ስትለካ አገኘቻት። ዘሚራም ስታያት በደስታ ሥራዋን ጥላ ወደ ቤት ይዛት ሄደች። የራዲያ ልጅ ግቢው ውስጥ ይሮጣል፤ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። ሪሃብ ሆዷ ገፍቶ ከቤት ወጣች። የእህቷን ልጅ ልታሳድግ እዚያው ቤት ቀርታ ነበርና በኋላ ሽማግሌዎች ተነጋግረው ለሙስዐብ ድረዋታል።

«ወሯ ገብቷል» አለች ዘሚራ ሻይ እየቀዳች። «ክፍሉን እያሰናዳሁላት ነው። በዚያችኛዋ ጊዜ ቀዳዳ ቀርቶ ነው ምቹ የገባው። አሁንማ መስኮቱን በሙሉ አስደፍኜዋለሁ። አርባውን ቀን ንቅንቅ አትልም!»

አስናቀች ሻዩን አንሥታ ሳትቀምሰው መለሰችው። ይህን ቤት ነገሩን ሳትነግረው ልትወጣ እንደማትችል ያን ጊዜ ገባት። ሙስዐብ ከሥራ እስኪመጣ ጠበቀች። ከመጣ በኋላ ከባሕር ዳር የሰማችውን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ጣቷ ያገኘውንም፣ «አላውቀውም» የሚለውን ቃል እንዴት እንደዋጠችውም ነገረቻቸው።

መጀመሪያ የተናገረው ሙስዐብ ነበር። «ሁለት ዓመት ሙሉ አላህ ወሰዳት ብዬ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር» አለ። «አሁን መጥተው እንቅልፌን ወሰዱት።»

«እኔ ነግሬያችሁ ነበር» አለች ሪሃብ። ይህችን ቃል ሁለት ዓመት በሆዷ ይዛት ኖራለች። ስታወጣት ግን ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ እንባዋ ብቻ ፈሰሰ።

ዘሚራ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። «አስናቀች፣ አንቺ አላወቅሽም» አለች። እስከዚያ ቀን እርስዎ ነበር የምትላት። «ይህች ልጅ ግን ነርሷ ያለችውን ነግራኝ ነበር። አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

«እኔስ?» አለ ሙስዐብ። «ባሏ እኔ አልነበርሁም? በር ላይ ቆሜ አልነበር?» ተነሥቶ ወጣ።

ሦስቱ ሴቶች የቀዘቀዘውን ሻይ ከበው ብዙ ተቀመጡ። አስናቀች መምጣቷን ጠላችው። የዳነ ቁስል የቀደደች መሰላት። ልትሄድ ስትነሣ ሙስዐብ ተመልሶ ገባ።

«እማማ አስናቀች፣ ይቅር ብያለሁ አልልዎትም» አለ። «ገና አልደረስሁበትም። አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ። ለእኛ ብቻ ነግረው ቤትዎ ገብተው እንዳይቀመጡ። ብቸናም ይናገሩት፤ ሰው በተሰበሰበበት ይናገሩት። ሲናገሩ ደግሞ አንዲት ሴት አይበሉ። ስሟን ይጥሩ። ራዲያ ትባላለች ይበሉ።»

በተከታዩ እሑድ የአስናቀች ዕድር ስብሰባ ነበረው። እጇን አውጥታ ቆመች።

«ራዲያ የምትባል የሞጣ ልጅ ነበረች» ብላ ጀመረች። ሁሉንም ተናገረች። በመጨረሻም እንዲህ አለች፤ «ወለምታችሁን አምጡልኝ፤ ጉልበቴ እስኪያልቅ አሻለሁ። አንድ እግር ብቻውን አብጦ ከጋለ ግን እኔም አልነካውም፣ እናንተም ለማንም አታስነኩት። በዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት አድርሱት። አራሳችሁን አልጋ ላይ አትቅበሯት፤ አቅሟ እንደ ፈቀደ ደግፋችሁ አራምዷት። የእግራችሁ ሥር ተጠማዝዞ ካበጠ፣ ቁስሉ አልድን ካለ፣ ቅጠል እየለወጣችሁ ዓመት አትቁጠሩ። የደም ሥር ሐኪም አለ፤ በጊዜ ከደረሳችሁ ዝም ብሎ እግር አይቆርጥም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለም? እኔ አላውቅም ለማለት አፍሬ ሰው ገድያለሁ። አላውቅም ማለት አያሳፍርም።»

አንዳንዱ ሰው አለቀሰ። አንዳንዱ ግን ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ «እጇ ነፍስ አለበት» እያሉ ልጆቻቸውን ወደ ሌላ ወጌሻ የወሰዱ አሉ። ደጇን የሚያንኳኳው ሰው ቀነሰ። ደምለው ግን ከአሥር ቀን በኋላ በሁለት እግሩ፣ ዱላ ይዞ፣ ከጸደንያ ጋር ሊጠይቃት መጣ። አንድ ጠዋትም ሁለት ወንድማማቾች እናታቸውን በቃሬዛ ይዘው ከገጠር መጡ፤ አንድ እግሯ አብጧል። «ዳብሰው ብቻ ይስጡን» ቢሏት አስናቀች እጇን ከነጠላዋ ሥር አላወጣችም። ቃሬዛውን ተከትላ ሐኪም ቤቱ በር ድረስ ሸኘቻቸው። ድካሟ አልለቀቃትም። ሌሊት የራዲያ «ቀለል ብሎኛል» ማለት ይሰማታል። እውነት መናገር ሸክምን ያካፍላል እንጂ አያወርድም።

ከወር በኋላ ስልኳ ጠራ። ዘሚራ ነበረች፤ ከበስተኋላዋ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል።

«ሪሃብ ወለደች፤ አልሃምዱሊላህ! ሴት ናት። ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው» አለች። «መስኮቱን ከፍቼዋለሁ። ጠዋትና ማታ ክንዷን ይዤ ግቢውን አዞራታለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ይህች አማት አብዳለች፣ አራስ ታስሮጣለች እያለ ስሜን እያጠፋው ነው።»

«እግሯስ?» አለች አስናቀች።

«ሁለቱም እኩል ናቸው። በሱቄ ሜትር ለክቻቸዋለሁ።»

አስናቀች ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ነገም ለኪያቸው» አለቻት።